ሦስቴ ከሳትሽ

ማታ ማታ ሥጋ ቆራጭ፣ ቀን ቀን ግን ሜዳ ላይ ነኝ፤
ሱ ፎልስ፣ ሰኔ፣ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊነጥቅ ሲታገለኝ።
ጓንቷን ከአሮጌ ዕቃ መደብር በአራት ዶላር ገዛሁ፤
አውራ ጣቱ ላይ «ታይለር» ይል ነበር፣ በጥቁር ቀለም አጠፋሁ።

ሕጉን ከየት ላውቀው? እኔ የማውቀው ኳስ በእግር የሚመታ፣
ዘጠና ደቂቃ ሲሞላ ፊሽካ የሚያሰናብተው ጨዋታ።
ይኼኛው ሰዓት የለው፤ ሜዳው የተቆረሰ ድፎ ይመስላል፣
ከጫፉ ጠቦ ይነሣና እስከ አጥሩ ይሰፋል፣ ይሰፋል።

ጎረቤቴን ጠየቅሁ፤ ሚስተር ሃልቮርሰን፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣
ጉልበቱ የከዳው፣ ምላሱ ያልከዳው፣ መምህር ሁነኛ።
አጥሩን ተደግፎ የፒዛ ካርቶን ጀርባ ላይ ሣለልኝ፤
«ገባህ?» ሲል «ገባኝ» አልኩት፤ ግማሹ ቀረብኝ።

እሑድ ራት ላይ ለናርዶስ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩ፤
ጨው መያዣው አንደኛ ማረፊያ፣ ስኳሩ ሁለተኛ፣
ለሦስተኛው ቁልፌን አስቀመጥኩ።
«ቤት ይኼ ማንኪያ ነው። ከሱ ተነሥተሽ፣ ዞረሽ፣ እሱው ጋ ትደርሻለሽ።»
«እዚያው ከሆነ ለምን እሄዳለሁ?»
«ብዪ፤ ሾርባሽ ቀዘቀዘብሽ።»

«ወርዋሪው ሲዘናጋ ቀጣዩን ማረፊያ መስረቅ ይቻላል።»
«አትስረቂ ያልከኝስ?»
«ይኼኛው… ይፈቀዳል።»
ከጓዳ የእናቷ ሳል ተሰማ፤ ሳል ይሁን ሳቅ እንጃ።

«መስዋዕት የሚባልም አለ፤ አንቺ ትወጪያለሽ፣ ጓደኛሽ ግን ትገባለች።»
ይኼን አልጠየቀችም። ወደ ጓዳ አየች፤
ከዚያ ቤቱን አንሥታ ሾርባዋን ጠጣች።

«ሦስቴ ከሳትሽ ግን አበቃ። ወጣሽ። ክርክር የለም፣
ዱላሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ፤ ሦስት ማለት ሦስት ነው፣ ወደ አራት አይዞርም።»
ይኼኛውን ማንም ሳያስረዳኝ አውቀዋለሁ፤
ፋብሪካችንም ሦስቴ የዘገየን ያሰናብታል፤ እኔ ሁለቱን ጨርሻለሁ።

ሳምንቱን ከአፓርታማው ኋላ፣ በቆሻሻ ገንዳውና በመኪኖቹ መሃል
ወረወርኩላት፤ ክንዴ ሌሊቱን ሥጋ ሲያነሣ አድሮ ይንቀጠቀጣል።
«ዓይንሽን ከኳሱ አትንቀዪ» እላታለሁ፤
ስትመታው ግን የምጨፍነው እኔ ነኝ፤ እፈራለሁ።

ቅዳሜ። ሁለት ልጆች ወጥተዋል፤ ማረፊያዎቹ ባዶ፣ ሰው የለ።
የራስ ቁሯ ሰፍቷት ቅንድቧ ላይ ዋለለ።
አንደኛውን ሳተች።
ሁለተኛውን ቆማ አየችው፤ ዳኛው እጁን ሲያነሣ ከንፈሯን ነከሰች።
ሦስተኛው ዝቅ ብሎ፣ አፈር ልሶ መጣ፤
ባላት ጉልበት ሁሉ መታች፤ የመታችው ግን ነፋስ ነበረ፣
አንገቴም ተሰበረ።
የውሃ ኮዳዋን ከፈትኩ፣ «አይዞሽ»ን ምላሴ ጫፍ አስቀመጥኩ፤
ቀና ስል ልጄ ትሮጣለች።
«ናርዶስ! ወጥተሻል! ተመለሺ!» በአማርኛ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጮህኩ።

አልተመለሰችም። ከኋላዋ ተቀባዩ ልጅ
ያመለጠውን ኳስ ይፈልጋል፤ ጭምብሉ በአንድ፣ አቧራው በሌላ እጅ።
ሃልቮርሰን ጉልበቱን ረስቶ ከወንበሩ ተነሣ፤
ነጩን ማረፊያ ረገጠች፤
«ጧ!» አለ ዘግይቶ የደረሰ ኳስ።
ዳኛው ሁለት እጁን ዘረጋ፣ አንሶላ እንደሚያነጥፍ ሰው።

ተሸነፉ፤ አሥራ አንድ ለሁለት። መኪና ውስጥ አቧራዋን እያራገፈች፣
«ሦስተኛውን ተቀባዩ ካልያዘው አላለቀም እኮ፣ አባዬ» አለች።
«አንደኛው ማረፊያ ባዶ ከሆነ ይሮጣል። አልነገሩህም?»
አልነገሩኝም። ወይም ተነግሮኝ፣ ካርቶኑ ላይ፣ ከቅባቱ ሥር ሆኖ አላየሁም።
«ተመለሺ ስልሽ አልሰማሽም?»
«ሰምቻለሁ።»
«ታዲያ?»
«ታዲያማ ሮጥኩ።»

ማታ፣ በፋብሪካው ማቆሚያ፣ በሩን ሳልቆልፍ ወጣሁ፤
የኋላ ወንበር ላይ ጓንቷ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።
ሰዓቱን አላየሁም።
ሮጥኩ።